ጊዜያዊ ጭነት

ትርሲት ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ጆሮዋን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው። ውስጥ ምስጦቹ ይሠራሉ። ምስጥ የሚባሉት የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ማሽኖች ናቸው፤ አሮጌ ኮንክሪት እየቆረጠሙ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ግድግዳ አድርገው ይተፉታል። በሐሮ ከተማ ዳር ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው የክር ፋብሪካ የገበያ ማዕከል የሆነው በእነሱ ነው። የመፍተያ ማሽን ይጮህበት የነበረው አዳራሽ ዛሬ አርባ ሱቆች አሉት። ትርሲት የምስጦቹ ተቆጣጣሪ ናት፤ ድምፃቸው እንደ ካፊያ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው።

የዚያን ቅዳሜ ቀትር ላይ ግን ካፊያው ዶፍ ሆነ።

መጀመሪያ የጮኸችው ልብስ ሰፊዋ ዘይነባ ናት። «ትርሲት! ኧረ በሬ እየጠበበ ነው!»

ትርሲት ከመቆጣጠሪያ ክፍሏ ብቅ ብላ ስታይ የሱቆቹ በሮች ከግራና ከቀኝ እያበጡ ይጋጠማሉ። ሰዉ እየተጋፋ ወጣ። ዘይነባም በጎኗ ሾልካ አመለጠች። ያልቻሉት ግን ውስጥ ቀሩ፤ አሥራ አንድ ሱቆች ሰው እንደያዙ ተደፈኑ።

ሮጣ ተመልሳ ምስጦቹን እንዲያቆሙ አዘዘች። ስክሪኑ መለሰላት፦ «ምሰሶ ሰባት ተሰንጥቋል። ጣሪያው እንዳይወድቅ ባዶ ቦታዎች ይሞላሉ። ሥራው አይቋረጥም።»

«ባዶ? ሰው አለበት እኮ!»

«ቋሚ ነዋሪ አልተመዘገበም። በቦታው ያለው ጊዜያዊ ጭነት ነው።»

ቃሉ የራሷ ነበር። ሱቆቹ ሲከራዩ ስክሪኑ «ቋሚ ነዋሪ አለ?» ብሎ ሲጠይቃት ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳምጠው፣ «ጊዜያዊ ብለሽ መዝግቢያቸው፤ ቋሚ ካልናቸው ነገ ልናስወጣቸው ብንፈልግ ምስጦቹ ግድግዳቸውን አይነኩልንም» ብሏት፣ ወረቀት ብቻ ነው ብላ ጽፋው ነበር።

ደወለችለት። «አቶ ዳምጠው፣ ቋሚ ላድርጋቸው፤ ፈቃድ ይስጡኝ!»

«ገዢዎቹ ሰኞ ነው የሚመጡት። የማይነቀል ተከራይ ያለበትን ሕንፃ ማን ይገዛል? ቆይ፣ አማክሬ ልደውልልሽ።»

«አየር እያለቀባቸው ነው!»

ስልኩ ተዘግቷል። ትርሲት በራሷ የይለፍ ቁልፍ ገባችና አንድ በአንድ ትቀይር ጀመር። ስትቸኩል ሁለቴ ተሳሳተች። ቋሚ፣ ቋሚ፣ ቋሚ። በጻፈች ቁጥር አንድ ግድግዳ ይከፈታል፤ በአቧራ የነጡ ሰዎች እየሳሉ እየተሳቡ ይወጣሉ። አሥራ አንደኛው ሲከፈት ወንበሯ ላይ ተዘርግታ አለቀሰች።

ዘይነባ በሩን በርግዳ ገባች። «ጋሽ ጓንጉልስ?»

ጋሽ ጓንጉል ደረጃው ሥር ጫማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ፋብሪካው ሳይዘጋ ሠላሳ ዓመት ክር ፈትለውበታል። ሱቅ የላቸውም። ትርሲት ስማቸውን አስገባች። «የቦታ ቁጥር የለም። መመዝገብ አይቻልም» አላት ስክሪኑ። አምና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ እኔንም ጻፊኝ» ብለዋት ነበር። እሷም እየሳቀች፣ «እርስዎን ማን ይነካዎታል ጋሼ? የያዟት ሦስት ክንድ ቦታ!» ብላ መልሳቸዋለች።

ሮጠች። ደረጃው ሥር ያለው ልሙጥ ግድግዳ ብቻ ነው። ከሱቆቹ የወጡት ሰዎች አቧራቸውን ሳያራግፉ በመዶሻና በዲጂኖ ይደበድቡታል፤ እነሱ ያፈረሱትን ምስጦቹ እግር በእግር ይደፍናሉ።

«ጋሽ ጓንጉል! ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ» አለ የታፈነ ድምፅ። «በግራ በኩል ሞክሩ። ድሮ የክር ማውረጃ ቀዳዳ ነበር።»

በግራ ቆፈሩ። ቀዳዳው ተገኘ፤ እሱም ተሞልቷል። ትርሲት በጥፍሯ ሳይቀር ቧጠጠችው፤ ጣቶቿ ደሙ።

«ትርሲት ነሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«አዎ ጋሼ፤ እኔ ነኝ፤ መጣን!»

«አይዞሽ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ምሰሶው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠገን ምስጦቹ በራሳቸው አቆሙ፤ ያኔ ነው ዲጂኖው የገባው። ጋሽ ጓንጉል ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ዘይነባ ሻርፗን አውልቃ ፊታቸውን ሸፈነች።

አመሻሹ ላይ አቶ ዳምጠው የአደጋውን ሪፖርት ይዞ መጣ። ትርሲትን ቀና ብሎ አላያትም። «የማሽን ብልሽት ነው ብለን እንዘጋዋለን። ላንቺም ለእኔም የሚሻለው ይሄ ነው። ፈርሚ።»

ትርሲት እስክሪብቶውን በቆሰለ እጇ ተቀበለች። «ብልሽት» የሚለውን ሰረዘችና ከሥሩ ጻፈች፦

«ማሽኑ አልተበላሸም። ሰው አለ ወይ ብሎ ጠይቆን ነበር። የለም ያልነው እኛ ነን።»

ፈረመችበት።