ከዘጠኙ አንዷ

ከአሥራ አንድ ዓመት የውጭ አገር ትምህርት በኋላ ተመልሼ ሱሉልታ ቤት ስሠራ መጀመሪያ ያስቆፈርኩት የውሃ ጉድጓድ ነበር። የከተማው ቧንቧ በሳምንት አንዴ ስለሚመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ግቢዬ ይገባል። በኋላ የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ለሚመርጠው ምክር ቤት በግሌ ስወዳደር፣ ውሃዬን የጠጣ ሁሉ ይመርጠኛል ብዬ አሰብኩ።

ከምርጫው ማግስት የምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት አነበብኩ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ የእኔ ዘጠኝ።

«ለካ ውሃ ስቀዳ የኖርኩት ለዘጠኝ ሰው ነው!» አልኩና ግቢውንም የፓምፑንም ክፍል ቆለፍኩ።

ጎረቤቴ ኦቦ ገርባ ባዶ ጀሪካናቸውን እንደያዙ በሩን አንኳኩ።

«ዲሪርሳ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ክፈት እንጂ።»

«እርስዎስ ማንን መረጡ?»

«መጋረጃው ውስጥ እኔና ዋቃ፣ እግዜሩ፣ ብቻ ነበርን። አንተን እዚያ አላየሁህም።»

አልከፈትኩም። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ሲወርዱ በመስኮት እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከግቢዬ ፊት ለፊት ያለው የጎረቤቴ የሰብሪያ ሱቅ በኤሌክትሪክ ተቃጠለ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ። ሰዎቹ የግቢዬን በር ሰብረው ቢገቡም የፓምፑን የብረት በር አልቻሉትም። ስደርስ የቀረው የጠቆረ ቆርቆሮ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ተመራጭ!» አለኝ አንዱ ጎረምሳ።

ሰብሪያ ግን አልሰደበችኝም። እሳቱ ላይ አሸዋ ስትበትን የተላጠ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ «ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር» አለች። «ከዘጠኙ አንዷ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ሰዎች «ከዘጠኙ ነበርኩ» ብለውኛል። ቢያንስ ስድስቱ ይዋሻሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። ወገኖቼ፣ ድምፅ የሚሰጠው ተሰውሮ ነው። ለድምፅ ብሎ የሚበቀል ሰው በጨለማ ድንጋይ ይወረውራል፤ እሱን የመረጠውንም ይፈነክታል።

ሱቁን አብረን ሠራን። የጉድጓዱን ቧንቧ ከአጥሩ ውጭ፣ ከሰብሪያ በር አጠገብ አወጣሁት። በሚቀጥለው ምርጫ ብወዳደር ዘጠኙንም ላላገኝ እችላለሁ። ቧንቧው ግን ቁልፍ የለውም።