መጭመቂያው ሥር የገባችው እጅ

መጭመቂያው ማሽን መብረቅ የሚሉትን ሠራተኛ ሦስት ጣቶቹን ሲቀጭ፣ ፕሮግራመሯ ከመስታወቱ ክፍል ሆና ፈገግ እያለችለት ነበር።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ጩኸቱን አልሰማችም። ያየችው አፉ ሲከፈት፣ ደሙ ቆርቆሮው ላይ ሲረጭ፣ ከዚያም ብየዳ ክፍል የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ መዶሻ ይዞ ሲሮጥ ነው። ወንድምየው ማሽኑን እንደ ጠላት ቀጠቀጠው። ሦስት ጎረምሶች ተረባርበው ነው ያስጣሉት።

ፋብሪካው የብረት በር ይሠራል። መብረቅ ያሉት እጁ ስለሚፈጥን ነበር። ከስምንት ወር በፊት «ይቺ ማሽን ጠምዳኛለች፣ ገላግዪኝ» ብሎ መስታወቱ ክፍል ገባ። ስታየው ማሽኑ ምንም አልሆነም። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን፣ «የታመመው ማሽኑ ነው ወይስ አንተ?» ስትለው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ያለ ሌላው ምሳ አልበላም።

አደጋው በደረሰ ዕለት ሥራ አስኪያጁ «በራሱ ግድየለሽነት ነው» የሚል ደብዳቤ አስጻፈ። እሷ ግን ባለፈው ሳምንት ለመጭመቂያው የጻፈችውን ኮድ ከፍታ መስመር በመስመር አነበበችው። ጥፋቱን ስታገኘው ወንበሩ ከሥሯ የከዳት መሰላት።

በማግስቱ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ተነሳች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ማሽኑ ወርዶ ከመጫኑ በፊት ሥሩ እጅ እንዳለ የሚያጣራ ፈንክሽን፣ ማለት አንድ የኮድ ክፍል፣ ጽፌያለሁ። ማሽኑ አይቶ የሚወስንበት ‹እጅ› የሚባል ቫሪያብል፣ መልስ የሚቀመጥበት ሳጥን በሉት፣ ከፈንክሽኑ ውጭ አለ። እኔ ውስጡ በዚያው ስም ሌላ ፈጠርኩ። የውስጡ ‹አለ› ብሏል፤ ግን ውስጥ የተፈጠረ ነገር ፈንክሽኑ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። ውጤቱን መልሶ የሚያቀብል መስመር ደግሞ አልጻፍኩም። የውጭው ‹የለም› እንዳለ ቀረ። ማሽኑም አምኖ እስከ ታች ወረደ።»

ወንድምየው ወንበር እየገለበጠ መጣና በቡጢ አፏን አላት። ወለሉ ላይ ተዘረረች።

መብረቅ የተኛበት ሆስፒታል ስትደርስ ከንፈሯ አብጦ ነበር።

«ማነው የመታሽ?» አለ መብረቅ፣ ከአልጋው እየተነሳ።

«ወንድምህ። ቆይ፣ መጀመሪያ ለምን እንደመታኝ ስማ።»

ነገረችው። ዓይኑ ከፋሻው ላይ አልተነሳም። ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን በደህና እጁ የውሃውን ብርጭቆ አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ስባሪው ጉንጯን ጫረው።

«ውጪልኝ!»

ወጣች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት አልተያዩም።

ኮዱን አስተካከለችው። ፈንክሽኑ ያገኘውን እንዲመልስ፣ ማሽኑም የተመለሰለትን እንዲቀበል አደረገች። በእጅ ምትክ እንጨት እያስገባች መቶ ጊዜ ፈተነችው፤ መቶ ጊዜም ቆመ። ሠራተኛው ግን አጠገቡ ድርሽ አልል አለ።

«የተቆረጠው እንጨት አይደለም!» ብሎ ጮኸ ወንድምየው።

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን መጭመቂያው ሥር አስገባች።

«ጋሼ፣ ማስነሻውን ይጫኑት።»

«አውጪው!»

«ይጫኑት አልኩ!»

ወንድምየው ተናዶ ተጫነው። በዚያው ቅጽበት ከሆስፒታል ወጥቶ የራሱን ዕቃ ሊወስድ የመጣው መብረቅ በሩ ላይ ሆኖ «አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። ብረቱ እያጓራ ወረደ፤ ክንዷ ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀጥ አለ።

መብረቅ ወንድሙን በትከሻው ገጭቶ ጣለው። እሷን ጎትቶ አወጣትና ይንጣት ጀመር።

«አብደሻል? ባይቆምስ?»

«እኩል እንሆን ነበር።»

«ማን እኩል አለሽ! እኔስ አንድ ደህና እጅ ቀረኝ፤ አንቺም እንደኔ ከሆንሽ የኔን ሸሚዝ ማን ይቆልፋል?»

ያን ጊዜ ሸሚዙን አየችው። ቁልፎቹ ተዛንፈው፣ አንዱ ጎን ወደ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ወንድምየው ከወደቀበት ሳይነሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። እሷ ሰው ሁሉ እያያት፣ ከላይኛው ቁልፍ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታች፤ ከዚያ እንደገና ቆለፈችለት።