ባዶውን የሠራው ወፍጮ

ኢንስፔክተር ብርቱካን ከወልድያ መርሳ የደረሰችው አዳነ ከተቀበረ በኋላ ነበር። ለምን እንዳልጠበቋት የነገራት ሰው የለም። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ከተገፋ ወር ገደማ ቢሆነውም በዚያ ጥር መብራትም ስልክም አልተመለሰም፤ የሰዉም ልብ ገና አልተመለሰም። ባለወፍጮው አዳነ ቅዳሜ ዕለት ራሱን በብረት ተመትቶ ሞተሩ አጠገብ ወድቆ ተገኘ ሲባል ለቀስተኛ መጣ፣ ቀበረ፣ ንፍሮውን ዘግኖ ተበተነ። አምስት ወር ሙሉ ሲለቀስ ኖሮ እንባውም እንደ ናፍጣው አልቆ ነበር።

«ምን አለፋዎት ኢንስፔክተር» አላት የሚሊሻው አዛዥ ሽፈራው። «ረዳቱ ፈንታው ነው የገደለው። ሬሳው ላይ ቆሞ ያዝነው። ነገ ጠዋት ወደ ደሴ እንልከዋለን።»

«ለምን ይገድለዋል?»

«ለወንድሙ ለያሬድ ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በወፍጮው ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ የተበሳሳች ጣሳ ተገጥማለች። ሞተሩ ሲነሣ ጣሳዋ ትጮኻለች፤ የገጠሩ ሰው ድምፅዋን ሲሰማ ወፍጮው መከፈቱን አውቆ አህያውን ይጭናል። ከተማዋ በተያዘችባቸው ወራት ግን ወጣቶቹ ተራራ ላይ ተደብቀው ስለነበር አዳነ ለጣሳዋ ሌላ ሥራ ሰጣት። ጣሳዋ ከጮኸች መንገዱ ሰላም ነው፤ ወርዳችሁ ዱቄት ውሰዱ። የታጠቀ ሰው ከመጣ በዱላ መትቶ ይጥላታል፤ ያን ጊዜ እንዳትወርዱ። በጥቅምት አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች መጥተው ሳለ ጣሳዋ ሳትወድቅ ቀረች። ያሬድና ሁለት ጓደኞቹ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተገደሉ። አዳነም «ዘንግቼ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ አመነ።

ፈንታው ከዚያም በኋላ እዚያው ሲሠራ ከረመ። ከተማው ይህን ትዕግሥት አላመነውም፤ አንድ ቀን ይበቀላል ብሎ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል፣ አዳነ ሲሞት ማንንም ግር አላለውም።

ብርቱካን ፈንታውን ያገኘችው እስር ቤት በሆነው የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ገደልከው?»

«አልገደልኩም» አላት፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው። «የሞተሩ ቺንጋ እጄን ልጦኝ ከሰባት ተኩል ጀምሮ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። አሥር ተኩል ላይ ተመለስኩ። ሞተሩ ይሠራል፣ ጋሽ አዳነ ወድቀዋል። ሞተሩን አጠፋሁና ቆምኩ።»

«ሰው አልጠራህም?»

«ማንን ልጥራ?»

ሽፈራው በሩ ላይ ሆኖ ሣቀ። «ወፍጮው እስከ አሥር ተኩል ሲሠራ ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ባለወፍጮው በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የገባው ይኸ ብቻ ነው።»

ብርቱካን በወጣትነቷ በጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ መገናኛ ውስጥ ሠርታለች። እዚያ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ መልእክት የሚነበበው ከድምፁ ብቻ ሳይሆን በድምፆቹ መካከል ካለው ዝምታም ጭምር መሆኑን ነው። ሽፈራው ይህን ቢሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ስለዚህ አልነገረችውም። መንገዱን ተሻግራ ጤና ጣቢያ ገባች።

ነርሷ ሊያ መሣሪያዎቿ ተዘርፈው የቀራት የደረት ማዳመጫ ብቻ ነው። ፈንታው ሦስቱንም ሰዓት ወረፋ ላይ እንደነበር አረጋገጠች።

«ወፍጮውንስ ሰማሽው?»

«እንዴ! ያስመረረኝ እሱ አይደል? ሌላ ጊዜ የአንዱ እህል አልቆ የሌላው እስኪጨመር ጋሽ አዳነ ሞተሩን ቀነስ ያደርጉታል። የሕፃናቱን ደረት የማዳምጠው በዚያች ክፍተት ነው። ቅዳሜ ግን ከስምንት ሰዓት ወዲያ አንዴም አላረፈ። ሦስት ሕፃን ሳላዳምጥ ሰደድኩ።»

«ስምንት ሰዓት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ከሰሜን በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራው ያን ጊዜ ነዋ። ወፍጮ ቤት የተሰለፉት ሴቶች ከረጢታቸውን ጥለው ሮጡ።»

ብርቱካን ወፍጮ ቤቱን ስታየው ከረጢቶቹ እንደተሰለፉ ነበሩ። አንዱም አልተፈታም። ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያገናኘው ቺንጋ ወልቆ፣ ተወልውሎ፣ በሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ፈንታውን አስመጥታ ቺንጋውን እሱ እንዳወለቀው ጠየቀችው። አልነካሁትም አላት። ፋሻውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ነጭ ነው፤ ግራሶ የሚባል አልነካውም።

የቀሩት ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ናፍጣ አመላላሹ ሾፌር ጌትነት፣ ዓርብ ዕለት ከአዳነ ጋር ተጣልቶ የነበረ፤ ቅዳሜ ግን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኩል ሐራ ኬላ ላይ ቆሞ እንደዋለ የኬላው ወረቀት ይመሰክርለታል። ሁለተኛው የወፍጮውን ሞተር የሚጠግነው መካኒክ ካሳዬ ነው፤ የአዳነ አበልጅ፣ የበኩር ልጁ የክርስትና አባት።

ካሳዬ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጧል። አንድ አይሱዙ ሲያልፍ ራሱን እንኳ ቀና አላደረገም።

«ሦስተኛው ፒስተን ታሟል» አለ። «ወልድያ አይደርስም።»

«ሳያዩት?»

«ማየት ለምን ያስፈልጋል?»

«ቅዳሜ የት ዋሉ ጋሽ ካሳዬ?»

«ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ዕድር ስብሰባ። ከዚያ በፊት እዚሁ ነበርኩ። አዳነም ስብሰባው ላይ ሊመጣ ነበር። ሲቀር፣ ወፍጮው ስለሚሰማ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብለን ተውነው።»

«እርስዎም ወፍጮውን ሰሙት?»

«እንዴት አልሰማ! በቆሎ ሲፈጭ ነበር። ሞተሩ ሲያቃስት በጆሮዬ እሰማው ነበር።»

«በቆሎ መሆኑ ይታወቃል?»

«ለኔ ይታወቃል» አለ ካሳዬ፣ ፈገግ ብሎ።

በማግስቱ ጠዋት ፈንታውን ወደ ደሴ የሚወስደው መኪና ሲመጣ ብርቱካን ሁሉንም ወፍጮ ቤቱ ግቢ ሰበሰበቻቸው፤ ሽፈራውን፣ ሊያን፣ ጌትነትን፣ ካሳዬን፣ የሟቹን ሚስት ገነትን፣ እጁ በገመድ የታሰረውን ፈንታውን። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዲያዞሩ አድርጋ ጌትነት ሞተሩን እንዲያስነሣ አዘዘችው። አንዴ ቺንጋው ተገጥሞ እህል እየፈጨ፣ አንዴ ቺንጋው ወልቆ ባዶውን።

«ለየታችሁት?»

«የፊተኛው ይከብደዋል» አለ ሽፈራው ሳይወድ። «የኋለኛው ዝም ብሎ ይሮጣል።»

«ቅዳሜስ የትኛው ነበር?»

ሊያ አፏን በእጇ ያዘች። «የኋለኛው። እግዚኦ! የኋለኛው ነበር።»

«እንግዲያው ከስምንት ሰዓት ወዲያ ወፍጮው አንድ ፍሬ አልፈጨም» አለች ብርቱካን። «ናፍጣ እንደ ጠበል በሚፈለግበት ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ባዶ ሞተር የሚያስኬድ ባለወፍጮ የለም። አዳነ የሞተው መሣሪያው ሲያጓራ፣ ሴቶቹ ሲሮጡ ነው። ሞተሩን የተወው ገዳዩ ነው፤ ድምፁ እስካለ ድረስ አዳነ የት ቀረ ብሎ የሚፈልግ አይኖርም።»

«ሁላችንም እየሰማን?» አለ ሽፈራው።

«ጆሯችን አምስት ወር መሣሪያ ብቻ ሲጠብቅ ኖረ። ለሌላው ደንዝዟል። እኔም እዚህ ብሆን ኖሮ አልለየውም።»

ከዚያ ወደ ፈንታው ዞረች። «በስምንት ሰዓት ይኸ ልጅ ጤና ጣቢያ ነበር። ጌትነት ሐራ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነና ነው እንጂ ይህን ለማወቅ እኔ ከወልድያ መምጣት አልነበረብኝም። አሁን ቺንጋውን ተመልከቱ። ድንጋዩ ባዶውን ከዞረ ይበላሻል፤ ገዳዩ ያ እንዳይሆን ቺንጋውን አወለቀ። ወለወለ። ሰቀለ። ሰው ገድሎ ለድንጋይ የሚራራ ማን ነው?»

ቺንጋውን አንሥታ ለሁሉም አሳየች።

«ሌላ ሰው ወፍጮው ሲፈጭ ነበር ቢለኝ ተሳስቷል ብዬ አልፈዋለሁ። ጋሽ ካሳዬ ግን የሚያልፍ መኪና በሽታ ቀና ሳይሉ በድምፁ ያውቃሉ። እሳቸው ባዶ ሞተር ሰምተው፣ በቆሎ ሲፈጭ ሲያቃስት ነበር አሉኝ። አልተሳሳቱም። ዋሹኝ።»

ካሳዬ መዳፎቹን አየ።

«እትዬ ገነት» አለች ብርቱካን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይህ ሁሉ ከጣሳዋ ሳይጀምር አይቀርም። ያሬድ የሞተ ዕለት አዳነ የት ነበር?»

ገነት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ከኔ ጋር ሲሪንቃ፤ ለቅሶ ሄደን።»

«ወፍጮው ጋ ማን ነበር?»

«አበልጃችን ካሳዬ። የተበላሸውን ሞተር ጠግኖ አስነሥቶ ሲሞክረው ነበር። አዳነ ነውሩን ወስዶለት ነው፤ አበልጅ ነው ብሎ። ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ ‹የፈንታውን ዓይን እያየሁ መኖር አቃተኝ፤ ዛሬ ለዕድሩ እናገራለሁ› አለኝ። አበልጅ ይገድላል ብዬ እንዴት ላስብ እህቴ?»

ካሳዬ ለመካድ አልሞከረም። የተበላሸ ዕቃ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ ተናገረ። «የታጠቁት ሲገቡ ጣሳዋን መምታት ነበረብኝ። አንዱ አጠገቤ ቆመ። ዱላው እጄ ሥር ነው፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ቅዳሜ አዳነን እንዳይናገር ለመንኩት። ይበቃል አለኝ። ብረቱን ይዤው ነበር።»

ግቢው ውስጥ የተቆጣም የተሳደበም አልነበረም። ብርቱካንን ያስፈራት ይህ ነው፤ የራሷም ልብ አብሮ ዝም ማለቱ።

ፈንታው ነበር የተናገረው።

«ጋሼ፣ እነያሬድ ሲወርዱ ሰምተዋቸው ነበር?»

«ከድልድዩ ጀምሮ። ሞተሩ እየሠራም ኮቴያቸውን።»

«ያሬድ ጮኸ?»

«አንዴ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ፈንታው፣ አትውረድ› ብሎ።»

ፈንታው ያን ዕለት ተራራው ላይ የቀረው የወባ ንዳድ ይዞት ነው። ላቡ ሲወጣልኝ እከተልሃለሁ ብሎ ነበር ወንድሙን የሸኘው።

«አልሰማሁትም» አለ።

ሽፈራው ቀርቦ ገመዱን ፈታለት። «ነፃ ነህ፣ ሂድ» አለው። ፈንታው ሁለት እጆቹን ገና እንደታሰሩ አድርጎ አንድ ላይ ይዞ እዚያው ቆመ፤ ሂድ ብሎ የደገመለት ሰውም አልነበረም።