መውጫ የሌለው ቱቦ

ይህን ታሪክ የሰማሁት ከራሱ ከባለታሪኩ አፍ ነው።

ካሳሁን ይባላል። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ቱቦው የተደፈነበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ለመዋሸት ወሬ መውደድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ወሬ አይወድም።

"ለማንም አልተናገርኩም" አለኝ። "ይስቁብኛል ብዬ።"

እኔ አልሳቅሁም...

ጊዜው ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠርቷል። ጨለማ አልነበረም። ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ጨለማ አልነበረም።

የካሳሁን ሚስት ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልነበራቸውም። ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ሬዲዮ ብቻ ስለሆነ፣ ለሥራ ሲጠሩት እምቢ ማለት አያውቅም።

የዚያን ቀን የጠሩት እትዬ አቻምየለሽ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የክር ፋብሪካ ጡረተኛ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ።

"ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ልጄ" አሉት፣ ወጥ ቤት አስገብተው ሲንኩን እያሳዩት።

ጥቁር ውሃ እስከ አፉ ሞልቷል።

"ምን ምን ሞከሩ?"

"ያልሞከርኩት የለም። የፈላ ውሃ በኦሞ ደፋሁበት። አንዷ የማኅበር ጓደኛዬ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አድርጊበት አለችኝ፤ አረፋውን አየሁ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ባለሱቁ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ሸጠልኝ..."

"እሱንስ ይተዉት፣ እትዬ። ቱቦ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል። የፈላ ውሃ ለቅባት ነው። ሶዳና አቼቶ ሽታ ያጠፋ ይሆናል፤ የተደፈነውን አይገፋም። ሽቦ ቢከቱበት ደግሞ ቀዳዳ ብቻ ያበጅና ነገ ተመልሶ ይደፈናል። እኛ በጎማው እንጀምር። እምቢ ካለ ሲፎኑን፣ ይህን ከሥሩ ያለውን ጠማማ ቱቦ፣ እንፈታለን። የመጨረሻው ስፕሪንግ ነው።"

በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ያወራው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። እትዬም አፍ አፉን እያዩ ያዳምጡት ነበር።

እንጨት እጀታ ያለውን ጎማ የሲንኩ ዓይን ላይ ደፍቶ ሦስት ጊዜ ጫነው።

ቡፍ... ቡፍ... ቡፍ...

ለቀቀው።

ቡፍ... ቡፍ... ቡፍ...

ጎማው ከእጁ ሥር ሦስት ጊዜ ተነሣ።

'አየር ነው' አለ በልቡ። ሁለት ጊዜ ጫነ።

ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

አንድ ጊዜ ጫነ።

አንድ...

"ቀስ በል" አሉ እትዬ ከኋላው፣ በሹክሹክታ። "አታስደንግጣት።"

"ማንን?"

"...ማንንም።"

ካሳሁን ውሃውን በጆግ እየቀዳ ባልዲ ሞላና፣ ሲንኩ ሥር ገብቶ ሲፎኑን ፈታ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል። ከሲፎን ምን እንደሚወጣ ያውቃል። የረጋ ቅባት፣ የምግብ ትራፊ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ዝቃጭ።

ይኼኛው ንጹሕ ነበር።

በጨርቅ የተወለወለ ይመስል ንጹሕ። ደግሞም ይሞቃል። ሰው ሲተነፍስበት የቆየ ያህል...

ስፕሪንጉን አመጣ። ጫፉ መንጠቆ ያለው፣ በእጀታ እየተሽከረከረ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ረጅም ብረት ነው። ግድግዳው ውስጥ ባለው ቱቦ አስገባው።

ሁለት ሜትር... አምስት... ዘጠኝ...

ዘጠነኛው ላይ አንድ ለስላሳ ነገር ያዘው።

ካሳሁን ቆመ። ግቢው ከስድስት እርምጃ አይሰፋም። ታዲያ ዘጠኝ ሜትር የት ገባ?

እጀታውን እዚያው ትቶ፣ የቱቦውን መውጫ ሊያይ ወደ ውጭ ወጣ።

ቱቦው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ ተቆርጧል። አፉ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሲሚንቶው የድንጋይ ሽበት አብቅሏል።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው ጀዋሂር ልብስ ታሰጣለች።

"ምን ጠፍቶህ ነው?"

"የሲንኩ መውጫ።"

"መውጫ የለውም እኮ! አጥሩ ሲሠራ ቆርጠው ደፈኑት። ይኸው ሁለት ዓመቱ። እትዬ እጣቢያቸውን በባልዲ ነው ውጭ የሚደፉት።"

ካሳሁን ተመልሶ ገባ።

እትዬ አቻምየለሽ ሲንኩ ሥር ተንበርክከው፣ በሁለት እጃቸው እጀታውን ያሽከረክራሉ።

"እትዬ! ይተዉት!"

ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ለቀቀ። ረጅም ትንፋሽ... ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ ሰው እንደሚተነፍሰው።

እትዬ ጆሯቸውን ቱቦው ላይ ለጠፉ። ፊታቸው በራ።

"ተከፈተ" አሉ።

"ይህ ቱቦ መውጫ የለውም፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ጠሩኝ?"

"ድምጿ ራቀብኝ፣ ልጄ። ሳንኳኳ ትመልስልኝ ነበር። መጀመሪያ ማንኳኳት ብቻ... ኋላ ማውራት ጀመረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚያናግረኝ አጣሁ።"

ካሳሁን ስፕሪንጉን ጎተተ። ደረቅ ነበር። ሲፎኑን መለሰ። ከዚያ፣ የሥራ ልማድ ሆኖበት፣ የባልዲውን ውሃ ሲንኩ ውስጥ ገለበጠው።

ውሃው ወረደ። ሁሉም። አንዲት ድምፅ ሳያሰማ...

በር ላይ እትዬ እጅጌውን ያዙት።

"ነገ ብቅ ትላለህ? ለሥራ አይደለም... እንዲያው።"

"እመጣለሁ" አለ።

አልሄደም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም አልሄደም።

የፈራው የእሳቸውን ቱቦ ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ቤቱ እንደገባ፣ ገና ሬዲዮውን ሳይከፍት፣ ሳያስበው የራሱን ሲንክ ሁለት ጊዜ አንኳኩቶ ነበር።

መልስ አልመጣም።

ቅር አለው። ቅር ማለቱ ነው ያስፈራው።

በስምንተኛው ቀን ግን ሕሊናው አላስቀምጥ አለውና፣ ብርቱካን ገዝቶ ሄደ። በሩ ላይ ጀዋሂርና ሁለት ወንዶች ቆመዋል።

"አራት ቀን አልወጡም" አለች ጀዋሂር። "በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።"

ሰበሩት።

አልጋው ተነጥፏል። ጫማቸው አልጋው ሥር ነው። ነጠላቸው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። መስኮቶቹ ሁሉ ከውስጥ ተዘግተዋል።

እትዬ የሉም። ፖሊስ መጣ፣ ዘመድ ተጠየቀ፣ በየቦታው ተፈለጉ። እስከ ዛሬ ያያቸው የለም።

ያን ቀን ግን፣ ሌሎቹ መኝታ ክፍሉን ሲያስሱ፣ ካሳሁን ብቻውን ወጥ ቤት ገባ።

ሲንኩ ደረቅ ነበር። ጎንበስ አለ።

ከታች፣ ከሩቅ፣ ወሬ ይሰማል...

ሁለት ሴቶች ናቸው። ቃላቱ አይለይም፤ ድምፁ ግን የጎረቤታሞች ጨዋታ ነው። አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ትስቃለች። የምትስቀውን አወቃት። እትዬ አቻምየለሽ ናቸው።

"እትዬ..." አለ በሹክሹክታ።

ጨዋታው ቆመ። ሰው ሲገባ ወሬ እንደሚቋረጠው፣ ጸጥ...

ከዚያ፣ ከዚያው ከታች፣ በርጩማ ሲጎተት ተሰማው። ለእንግዳ ቦታ ሲለቀቅ እንደሚጎተተው... ቀስ ብሎ... ወደ እሱ።