ቅዳሜ የማይውል ገበያ

«አበላሸሽው!» አለ ኢሊያስ። «ወላሂ ሰሉ፣ ዛሬን ጠብቀሽ አበላሸሽው።»

ሰልሳቢል ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። የዩሮና የዶላርን ዋጋ የሚያሳየው መስመር ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ፌንጣ ይዘል ነበር። ዛሬ ድርቅ ብሏል። ሁለት ጊዜ ዘግታ ከፈተችው፤ ያው ነው። ከበሩ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ሰው መግባት ጀምሯል።

ኢሊያስ የአጎቷ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተቀምጦ «ትምህርት ለሰነፍ ነው» ብሎ ጥሎት መጣ። ተባሮ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ አዲስ አበባ ስድስት ወር ከርሞ ሹል ጫማ፣ ሰማያዊ ከረባትና «ፎሬክስ ትሬደር»፣ የውጭ ገንዘብ ነጋዴ፣ የሚል ቢዝነስ ካርድ ይዞ ብቅ አለ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት እንኳ ከረባቱን አይፈታም። ሁለት ዓመት ነግጃለሁ ይላል፤ ምን እንደነገደ ግን ያየ የለም። አሁን ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይቶ ሥልጠና ሊሰጥ ነው። መመዝገቢያው ስምንት ሺህ ብር።

ላፕቶፑ በቫይረስ ሲሞትበት ዊንዶውሱን አጥፍታ፣ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሊኑክስ ጭና ነፍስ የዘራችበት ሰልሳቢል ናት። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ሊኑክስን የለመደችው በትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ክበብ ነው። የኢሊያስ መነገጃ ፕሮግራም ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስን አያውቀውም። ዋይን የሚባል ሌላ ፕሮግራም አስተርጓሚ አድርጋ በመሃላቸው አስገባችና ሦስት ቀን ታገለች። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ይዘጋ ጀመር። ሐሙስ ከሰዓት የጎደለውን ፋይል አግኝታ ስትጨምርለትና የዋጋው ቻርት ብቅ ሲል፣ ብቻዋን እልል ልትል ምንም አልቀራት። ኢሊያስ አየት አድርጎት «ቀለሙን አረንጓዴ አድርጊው» አለ። ከሥልጠናው በኋላ ላፕቶፑን ሊሰጣት ቃል ባይገባላት ኖሮ ያኔውኑ ጥላለት ትሄድ ነበር።

«ዊንዶውስ ቢሆን ይሄ አይመጣም ነበር» አለ አሁን፣ በስልኩ መስታወት ፀጉሩን እያስተካከለ። «የነፃ ነገር!»

«ኢንተርኔቱ ይሠራል። ፕሮግራሙም ይሠራል። ቆይ…» የመጨረሻው ዋጋ የተመዘገበበትን ቀን አየች። ዓርብ ሌሊት ይላል። ስልኳን አውጥታ ፈለገች፤ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። «ኢሊያስ፣ ይሄ ገበያ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው።»

«ምን?»

«ዝግ ነው። እዚህ ብቻ አይደለም፣ በዓለም ሁሉ።»

ቅዳሜን የመረጠው እሱ ነው። ቅዳሜ የሶዶ ትልቁ ገበያ ነው፤ ከቦዲቲም ከገሱባም ከቢጠናም ሰው ይጎርፋል። ገበያ ሆኖ ቅዳሜ የሚዘጋ ይኖራል ብሎ አላሰበም። ሁለት ዓመት ነገድኩ የሚል ሰው አንድ ቅዳሜ እንኳ ከፍቶት አያውቅም። ሰልሳቢል ቀና ብላ አየችው። ያ ሁሉ ከረባት ለዚህ ነው!

ማፈሩን ጠበቀች። አላፈረም።

«ሐሙስ ያሳየሽኝ አለ አይደል? የድሮውን ዋጋ የሚያጫውተው።»

«መሞከሪያው?»

«እሱን ክፈቺ። እኔ ላይቭ ነው እያልኩ አወራለሁ። ማን ያውቃል?»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ማርኬቲንግ ነው» አለና ወጣ።

ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ አዳራሹ ስትገባ የፊተኛው ወንበር ላይ ረድኤትን አየቻት። ረድኤት ዴስክ ትጋራታለች፤ በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድኑም አብረው ናቸው። ከገሱባ መጥታ ሶዶ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ከጎኗ ሰፊ ኮት የለበሱ አባቷ፣ አቶ ዳልጮ፣ ተቀምጠዋል።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለቻት ሰልሳቢል።

«አባዬን ይዤ መጣሁ። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፣ አንቺ ያለሽበት ነው ስለው እሺ አለ።»

አቶ ዳልጮ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «አንተ ነህ ሰልሳቢል? ረድኤት ሁልጊዜ ስለ አንተ ያወራል። አንተ ከሠራህ ውሸት የለውም ብዬ ዛሬ ጠዋት በሬ ሸጥኩ።»

«ስንት በሬ አላችሁ?»

«ሁለት ነበር» አለች ረድኤት።

ሰልሳቢል የሱቅ ልጅ ናት፤ ስለ እርሻ ብዙ አታውቅም። አንድ በሬ ብቻውን እንደማይጠመድ ግን ታውቃለች።

«የተከበራችሁ የነገ ሚሊየነሮች!» አለ ኢሊያስ። ከቴሌቪዥን የለቀመውን ቃል ሁሉ አከታትሎ አራገፈው፤ ልማታዊ ባለሀብት፣ ሥራ ፈጠራ፣ ህዳሴ። አንዱንም ቢጠይቁት አይመልስም። ሰዉ ግን አጨበጨበ። «አሁን ገበያውን በቀጥታ፣ ላይቭ እናያለን። ሰልሳቢል!»

ጣቷ ማውሱ ላይ ነው። መሞከሪያውን ብትጫን መስመሩ መዝለል ይጀምራል፣ ማታ ላፕቶፑን ይዛ ቤቷ ትገባለች። እውነተኛውን ቻርት ከፈተችው።

በፕሮጀክተሩ ግድግዳውን የሞላው መስመር አልተንቀሳቀሰም። ከታች የመኪና ረዳት «ቦዲቲ! ቦዲቲ! አንድ ሰው!» ሲል ይሰማል። አዳራሹ ጠበቀ።

«ይቅርታ፣ ሲስተሙ ነው» አለ ኢሊያስ እየሳቀ። «ሊኑክስ የሚባል የነፃ ነገር ጭናብኝ ነው። ምን ላድርግ፣ ዘመድ ናት፣ ትማር ብዬ ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ዞሮም አያት። ጆሮዋ ጋለ። ዝም ብትል አይቸግርም፤ ልጅቷ አትችልም ይሉና ይረሱታል። ግን ሦስት ቀን የለፋችበትን ሥራ ይሄ ባዶ ሰው ሲረግጠው ማየት አቃጠላት።

«ሊኑክሱ ምንም አልሆነም» አለች ቆማ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ይሄ ገበያ ቅዳሜ ዝግ ነው። እሱ አላወቀም ነበር። ስነግረው የድሮውን ዋጋ አጫውቺ፣ የዛሬ ነው እላለሁ አለኝ።»

«ቅዳሜ የማይውል ገበያ?» አለ አንዱ ከኋላ። አሁን የተሳቀው በኢሊያስ ነበር።

«ሕፃን ናት! ምንም አታውቅም!» ከረባቱን ይጎትታል፤ የሚሰማው የለም።

አቶ ዳልጮ አልሳቁም። የመመዝገቢያውን ብር ሊያወጡ ኮታቸው ውስጥ የከተቱት እጅ እዚያው ነው። ሰልሳቢልን ትኩር ብለው አዩዋት።

«አንተ» አሉ። «በሬው የአባትህ ቢሆን ትከፍላለህ?»

ኢሊያስ ዓይኑን አፈጠጠባት። ሰልሳቢል ረድኤትን አየች፤ ረድኤት መሬት መሬቱን ታያለች።

«አልከፍልም፣ ጋሼ።»

አቶ ዳልጮ ባዶ እጃቸውን አወጡና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ሊሆን ነው» አለች ሰልሳቢል።

«የከብት ተራው ገና አልተበተነም፤ በሬዬን የገዛውም አልሄደ ይሆናል» አሉና ልጃቸውን በወላይትኛ ተነሺ አሏት።

ሰልሳቢል ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ቦርሳዋን አንሥታ ተከትላቸው ደረጃውን ወረደች።