ቀድማ የጠለቀች ጀንበር

ሽማግሌው ሱማርሶኖ በረመዳን አሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጃካርታ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተገድለው ተገኙ። የነሐሱ መብራት ደም ለብሶ ከራስጌያቸው ተጋድሟል። ጩኸት ሰምታ የሮጠችው ወጥ ሠሪዋ ሳርመኒ ስትደርስ ያገኘችው ሾፌሩን ቶሂርን ነበር፤ ጌታውን አቅፎ፣ እጁ በደም ተነክሮ። ፖሊስ ወዲያው ካቴና አጠለቀለት። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው፣ ልጆቼ፣ «እኔ አልነካኋቸውም» እያለ ተማጸነ።

መርማሪዋ ኢቡ ላስትሪ (ኢቡ እንደ እኛ «እትዬ» ነው) ግን አልቸኮሉም። በማግስቱ የሟቹን የወንድም ልጅ ሪስዋንዲን ጠሩት። ቤቱ ይሸጥ እያለ አጎቱን ሲጨቀጭቅ የከረመው እሱ ነው።

«እኔ በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ነበርኩ» አለ። «ከአገሩ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከጃያፑራ፣ በዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን አምስት ሰዓት ከሩብ በረርን። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው! ስሜም የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ አለ።»

«አይቼዋለሁ። ጾመህ ነበር?»

«እንዴታ!»

«ጎበዝ። የት አፈጠርክ ታዲያ?»

«እዚያው አውሮፕላን ላይ ነዋ። ከተነሣን ሦስት ሰዓት ሲሆነን፣ የእጅ ሰዓቴ አሥራ ሁለት ሲል። ቴምርና ውሃ አደሉን።»

«መስኮት አጠገብ ነበርክ?»

«አዎ። ጀንበሯ ባሕር ውስጥ ስትገባ በዓይኔ አየኋት።»

ኢቡ ላስትሪ ማስታወሻቸውን ዘጉ። «ደስ ይላል» አሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰቧቸው። ቶሂር ከነካቴናው ቆሟል፤ በማግስቱ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ነው።

«ኧረ ቶሎ ይበሉ ኢቡ» አለ ሪስዋንዲ። «ገዳዩ እጁ ተይዞ ቆሟል፤ እኛን በውሃ ጥም መፍጀት ምንድን ነው?»

«ቆይ፣ አትንቀዥቀዥ። እናቴ የተቀበረችው ጃያፑራ ነው፤ መንገዱን በጾም ተመላልሼበታለሁ። በዘጠኝ ተነሣን ያልከው በጃያፑራ ሰዓት ነው፤ እሱም የኛን በሁለት ይቀድማል። እዚያ አሥራ ሁለት ሲሆን እዚህ ገና አሥር ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ ወደ ምዕራብ እየበረረ ጀንበሯን ያሳድዳታል፤ ስትጠልቅ የሚያገኛት ጃካርታ ሊደርስ ሲል ነው። ሰማይ ላይ የምናፈጥረው በመስኮት በምናያት ፀሐይ እንጂ በእጃችን ሰዓት አይደለም። ሆዴ እየጮኸ ያቺን ጀንበር ስንቴ ተጣልቻታለሁ!»

ሳርመኒ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት።

«አብረው የበረሩ ሰባት ሰዎች ጠየቅሁ። ያፈጠሩት ለማረፍ ሩብ ሰዓት ሲቀራቸው ነው። ያንተ ጀንበር ግን፣ ሪስዋንዲ፣ ሁለት ሰዓት ቀድማ ጠለቀች።»

«እ… ተሳስቼ ይሆናል።»

«ጾም የዋለ ሰው ያፈጠረበትን ሰዓት ይስታል? መታወቂያህን ይዞ በስምህ የበረረው ጓደኛህ ዛሬ ጠዋት እያለቀሰ ነገረኝ። አንተ ከዋዜማው ጀምሮ እዚሁ ከተማ ነበርክ።»

ሪስዋንዲ ወደ በሩ ዞረ፤ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ቤቱን አልሸጥም አሉኝ» አለ።

ካቴናው ከቶሂር እጅ ወጥቶ ሪስዋንዲ እጅ ገባ። ያኔ የመስጊዱ አዛን ተሰማ። ኢቡ ላስትሪ ለቶሂር አንድ ፍሬ ቴምር ዘረጉለት። ቶሂር የቆሰለ አንጓውን እያሻሸ ተቀበላቸው፤ የጌታውን ባዶ ወንበር ጥቂት አየና አፈጠረ።