ያዡ ካልለቀቀ

ሉሲቫንያ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። በፖንታ ዱ ካጁዋ ባሕር ዳርቻ ይህ ምልክት አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ልቀቂው።

ጃንዲራ አልለቀቀችም።

ካይቱ በእጆቿ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ውሃ ላይ በሰሌዳ የቆመን ሰው በነፋስ የሚጎትት፣ የቤታቸውን ጣሪያ ግማሽ የሚያክል ብርቱካናማ ጨርቅ ነው። በአየር የተነፋው ጠርዙ ደረቷ ላይ ተደግፏል፤ ተረከዞቿ አሸዋው ውስጥ ሰምጠዋል። ከካይቱ የሚነሱት ቀጫጭን ገመዶች አሸዋውን ተሻግረው እስከ ሉሲቫንያ ወገብ ድረስ ተወጥረዋል። ነፋሱ በጠነከረ ቁጥር ጨርቁ እንደ ትልቅ እንስሳ ይተነፍሳል፣ ይነፋል፣ ይስባል። ጃንዲራ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ካይት መያዝ የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። እስከ ዛሬ ግን አልለመደችውም። ይህን የሚያህል ነገር ልብረር እያለ በሁለት እጆቿ ሥር መቆሙ ሁልጊዜ ይገርማታል።

«ጃንዲ፣ ተኛሽ እንዴ?» አለች ሉሲቫንያ ከገመዱ ማዶ። ነፋሱ ድምጿን ቆራርጦ ነው ያደረሰው።

ሉሲቫንያ የአክስቷ ልጅ ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። እሷ ውሃ ላይ ስትወጣ ዳርቻው ላይ ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ሳይቀሩ ማገላበጫቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ። ስትዘል ሰሌዳዋ ፀሐይ ላይ ብልጭ ይልና ሰው ትንፋሹን ይውጣል፤ መውረዷን እስኪያይ አይተነፍስም። ዛሬ ደግሞ ለክልሉ የወጣቶች ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ከዋና ከተማው ከፎርታሌዛ መጥተዋል። ሁለት ዙር ውድድር አለ። የመጀመሪያው ዙር ጡሩምባ ሊነፋ ትንሽ ነው የቀረው።

ችግሩ ቦታ ነበር። ጥቅምት ላይ ነፋሱ ከረፋድ ጀምሮ አያርፍም፤ ነፋስ ያለበትን የሚያሳድድ ሰው ሁሉ ወደዚች የአሣ አጥማጆች መንደር ይጎርፋል። አሸዋው ላይ ካይቶች ጎን ለጎን ተደፍተዋል፤ በመሃላቸው ገመድ ላለመርገጥ እንደ ሽመላ እግር እያነሱ ነው የሚሄዱት። ክፍት የቀረው በሁለቱ ነጭ ምሰሶዎች መካከል ያለው የታንኳ በር ብቻ ነው፤ ጃንዲራና ሉሲቫንያም የቆሙት እዚያ ነው። አሣ አጥማጆቹ በሸራ ታንኳዎቻቸው የሚገቡት በዚያ ነው። ሸራ ካልታየ ማንም ከዚያ ይነሳል። ሸራ ከታየ ግን በሩ የታንኳ ነው።

የአሣ አጥማጁ የጋሽ ኦኖራቶ ሸራ ከነጩ ማዕበል ማዶ ብቅ ብሏል።

«ገና ሩቅ ናቸው» ብላ ነበር ሉሲቫንያ ገመዶቹን ስትዘረጋ። «እሳቸው ማዕበሉን እስኪያልፉ እኔ ስንቴ ሄጄ እመለሳለሁ።»

አሁን ግን ታንኳውን ለመቀበል ሰዎች ወርደዋል። ታንኳው ከውሃው ሲወጣ የሚንከባለልበትን ግንድ የተሸከሙ ወንዶች፣ አሣ ለመግዛት ሳፋ ይዘው የመጡ ሴቶች፣ በመሃላቸው የሚሯሯጡ ሕፃናት። ሁሉም የተሰበሰቡት ነፋሱ በሚሄድበት ወገን፣ ከሉሲቫንያ በታች ነው። ነፋሱ ድንገት ቢያነሳት የምትወድቀው እነሱ ላይ ነው።

«አቦ ልቀቂላት፣ አታካብጂ» አለ ኢቫንዲ። ከጃንዲራ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው፤ የራሱን ካይት ተደግፎ የኮኮነት ውሃ ይመጥጣል። «ሉሲ እኮ ናት። እኔ ብሆን ይገባኛል፣ እኔን ማንኪያ በምታክል ካይት እንኳን አትልቀቂኝ።»

ጃንዲራ ዓይኗን ከሰዎቹ ላይ አላነሳችም።

ማንኪያ ሲል ወንድሟ ጂልዳዚዮ ትዝ አላት። የውሃውን ሕግ ያስተማራት ወጥ ቤት ውስጥ በሁለት ማንኪያ ነው። ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ይገባል፣ ቆሞ ከድስቱ ሩዝ ይበላል፣ እናታቸው ስትቆጣው አንገቷን አቅፎ በጨው ውሃ ያረጥባታል። ከዚያ ማንኪያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ያንሸራትታል። «ይሄ እኔ ነኝ፣ ይሄ አንቺ። ፊት ለፊት ከተገናኘን ቀኝ እጁ ከፊት የሆነው ይለፍ። አንድ ላይ ከሄድን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ካይቱን ወደ ላይ ያንሳ፣ የታችኛው ዝቅ ያድርግ። ከዳርቻ የሚወጣ ይቅደም፣ የሚገባ ይጠብቅ። ገባሽ?»

«ካይቱን የሚይዘውስ?»

«ያዥማ አለቃ ነው። በቃ። ያዡ ካልለቀቀ ፕሬዚዳንቱም ቢሆን አይነሳም፤ አሸዋው ላይ ይቆማታል።» ከዚያ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ይቆም ነበር። እናታቸውም ሳትወድ ትስቅ ነበር።

ያ ጂልዳዚዮ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት ሞተ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከታንኳ በሩ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ነፋሱ በሚሄድበት ወገን አሸዋ ላይ የተሳቡ ታንኳዎች እያሉ፣ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ካይቱ ተለቀቀ። ነፋሱ መጣና እንደ ወረቀት አነሳው፤ ታንኳዎቹ ላይም ጣለው። ጃንዲራ የታፒዮካ ቂጣ ይዛ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጽበት ሲበር አይታ መደነቋ ትዝ ይላታል። እየዘለለ መስሏት ነበር።

ካይቱን የያዘችው ሉሲቫንያ ነበረች።

ማንም ምንም አላላትም። የጃንዲራ እናት ከለቅሶው በኋላ እንደ በፊቱ ጠርታ ታበላታለች። ሉሲቫንያ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ካይት ይዛ አታውቅም። የእሷንም ከጃንዲራ በቀር ሌላ ሰው እንዲይዝ አትፈቅድም።

«ጃንዲራ!» አሁን ሙሉ ስሟን ነው የጠራችው። አውራ ጣቷ አልወረደም። «ሊነፋ ነው እኮ። ምን አድርጌሽ ነው?»

ጣቶቿን መክፈት ብቻ ነበር የቀራት። ሉሲ ትሄዳለች፣ ታሸንፋለች፣ ማታ ትከሻዋን አቅፋ ወደ ቤት ትወስዳታለች። ባትለቃትስ? ከጂልዳዚዮ ወዲህ እህት ሆና የቀረችላት እሷ ናት። ካኮረፈች የምታኮርፈው ለአንድ ሳምንት አይደለም።

ሳፋ የያዘች አንዲት ሴት ልጇን ልትይዝ ሮጠች። ልጁ እየሳቀ አመለጣት፤ በቀጥታ ወደ ገመዶቹ ወገን መጣ።

ጃንዲራ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አንዴ። ከዚያ ሉሲቫንያ ሳታያት እንዳትቀር ደግማ ነቀነቀች። ወደ ፊት ጥቂት ተራመደች፣ ገመዱ ላላ፣ ካይቱን ገልብጣ ጠርዙን ወደ ነፋሱ አዞረችና ደፋችው። ተንበርክካ በሁለት እጇ አሸዋ እየዛቀች ላዩ ላይ ከመረች። ካይቱ ትንሽ ተንፈራገጠና ዝም አለ።

ጡሩምባው ከሩቅ፣ ከውድድሩ ጀልባ ላይ ተነፋ።

ሉሲቫንያ ከገመዱ ራሷን ፈታች፤ ከፈታች በኋላም እዚያው ቆመች።

የዚያን ጊዜ ኢቫንዲ «እዩ» አለ።

ባሕሩ ላይ ውድድሩ ውስጥ ሳይገቡ ከሚንሸራተቱት አንዱ፣ ወደ ጋሽ ኦኖራቶ ሸራ የቀረበው፣ ካይቱን እንዳይጎትተው ወደ ራሱ አናት አንስቶ ቆመ። ቀጥሎ ያለው አየውና አነሳ። ከዚያ ሌላው። ከየት አገር እንደመጡ የማይታወቁ፣ እርስ በርሳቸው ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እያየ አነሳ፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሲመላለስ የነበረው ቀለም ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጣና ረጋ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፤ ሰማዩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሰዎቹ ከሥር ውሃው ውስጥ እስከ ደረታቸው ጠልቀው ይጠብቃሉ። በመሃላቸው መንገድ ተከፈተ። በመንገዱ የጋሽ ኦኖራቶ አሮጌ ታንኳ፣ የተጣጣፈ ሸራዋን አዝላ፣ ሳትቸኩል ገባች።

ጃንዲራ ይህን ያየችው ብዙ ጊዜ ነው። ያም ሆኖ ተንበርክካ እንዳለች እስኪያልቅ አየች። የነፋሱ ድምፅ እንኳን የቀነሰ መሰላት።

ነፋሱ ግን ያው ነበር። አልበረታም፣ አልደከመም። ማንንም የሚያነሳ ነገር አልመጣም። ብትለቃት ኖሮ ሉሲቫንያ በሰላም ወጥታ አሁን ከተወዳዳሪዎቹ ፊት ትሆን ነበር ይሆናል። ጃንዲራ ይህን አሰበችው፤ እጆቿን ከአሸዋው ላይ ግን አላነሳችም።

ጋሽ ኦኖራቶ ከታንኳቸው ዘለው ወረዱና የቆመውን ሰው ሁሉ ተመለከቱ። «ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ? ሙሽራ ነኝ? ግፉ እንጂ። አንቺ ሉሲ፣ ጉልበትሽን ለምን ቀን ነው ያስቀመጥሽው?»

ሉሲቫንያ መታጠቂያዋን እንኳን ሳትፈታ ሄዳ ከወንዶቹ ጋር ገፋች። ታንኳዋ በግንዶቹ ላይ እየተንከባለለች ወጣች። ሴቶቹ ሳፋቸውን ይዘው ከበቡ። ሰማዩ ላይ የረጉት ካይቶችም እንደገና ወደ ግራና ቀኝ ተበተኑ።

ስትመለስ ከጃንዲራ አጠገብ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«በሰላም እወጣ ነበር» አለች።

«ትወጪ ነበር ይሆናል።»

«ታዲያ?»

«ሰዎች ነበሩ ከሥርሽ። ልጅም ነበር።»

ሉሲቫንያ እጇ ላይ የተጣበቀውን የአሣ ቅርፊት ስትልጥ ቆየች። ኢቫንዲ ነገሩ የገባው ይመስላል፤ ካይቱን ተሸክሞ ፈቀቅ አለ።

«እኔም አይቻቸው ነበር» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «የዚያን ቀን። ታንኳዎቹን። ራሴን ልነቀንቅ ነበር፤ ነቅንቄም ነበር መሰለኝ። ጂልዳ ሳቀብኝ። ሲስቅ ታውቂው የለ? ሼም ያዘኝ፣ ከጂልዳ የበለጠ ላውቅ ነው እንዴ ብዬ ለቀቅኩ።»

ጃንዲራ ጥፋትሽ አይደለም ማለት ፈለገች፤ ሰዎች ለለቅሶ ሲመጡ እንደሚሉት ነገር መሰላትና ተወችው። ወንድሟ ሲስቅ ግራ ጥርሱ ላይ ያለችው ስንጥቅ ታየቻት።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ሲስቅ ማን እምቢ ይለው ነበር።»

ሉሲቫንያ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። ነፋሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ እዚህ ዳርቻ ማንም ለምን ታለቅሳለህ ተብሎ አይጠየቅም።

«ሁለተኛ ዙር አለ» አለች ጃንዲራ።

«የመጀመሪያውን ነጥብ አጥቼ?»

«አዎ፣ አጥተሽ።»

«አንቺ ልጅ እኮ ጭካኔሽ» አለች ሉሲቫንያ፣ ግን ተነሳች።

ካይቱን ለሁለት ተሸክመው ከምሰሶዎቹ ወዲያ፣ ከመጨረሻው ምግብ ቤትም ወዲያ ሄዱ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነና አሸዋው ስለሚያቃጥል ወደዚያ የሚሄድ የለም። ባዶ ነበር። ሉሲቫንያ ገመዶቹን እያንዳንዳቸውን በሁለት ጣቷ መሃል እያሳለፈች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ከዚያ መታጠቂያዋ ላይ አሰረች፣ ቆመች፣ አውራ ጣቷን ቀሰረች።

ጃንዲራ ካይቱን አንስታ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ወዲያው ነፍስ ዘራ። ነፋሱ የሚመጣበትን ወገን አየች። ነፋሱ የሚሄድበትን አየች፤ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ምንም። ገመዶቹን አየች። የሉሲቫንያን እግር፣ ወገብ፣ ፊት አየች። ከዚያ እንደገና ነፋሱ የሚሄድበትን አየች።

ሉሲቫንያ አልተጣራችም። ጣቷን እንደቀሰረች ጠበቀች።

ጃንዲራ ማየቷን ጨረሰችና እጆቿን ከፈተች።